በቀን አንድ ሚሊሜትር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። ግን አራቱም ዞረው ዞረው የጠየቁኝ ስለ አንድ ነገር ነው፤ ነርቭን አቅፎ ስለሚይዝ፣ ሽዋን ስለሚባል ትንሽ ሕዋስ። እኔ ደግሞ ሃያ አራት ዓመት ሂስቶሎጂ (የሕብረ ሕዋሳት ጥናት) ሳስተምር በማይክሮስኮፕ ስር ደጋግሜ ያየሁት፣ አይቼም ያልጠገብኩት እሱኑ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የእናትየዋን ጥያቄ ያስቀደምኩት ለነገ የማይባል ስለሆነ ነው።

ጠያቂ፦ የአራት ወር ሕፃን እናት፣ ከደብረ ብርሃን

«ልጄ ሲወለድ ትልቅ ነበር፤ 4 ኪሎ ከ300። ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ተያዘ። ጎትተው አወጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ‹ኧርብስ ፖልሲ› ይላል። ‹ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያድጋል፣ ታገሺ› አሉኝ። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። ክርኑን ግን አያጥፍም። አማቴ በቅቤ እሺው ትለኛለች። እስከ መቼ ነው የምታገሠው?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ልጅሽንም ያሳድግልሽ።

ምክሩን ላስቀድም። የነገሩሽ ቁጥር ትክክል ነው። «ታገሺ» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ክርኑን የሚያጥፈው ጡንቻ ሕፃኑ 3 ወር ሞልቶትም ካልተንቀሳቀሰ፣ የክንድ ነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ማየት አለበት። ይታይ ማለቴ የግድ ይቀደድ ማለቴ አይደለም። ብዙ ሕፃናት ሳይቀደዱ ይድናሉ። ግን መወሰን ያለበት አይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጅሽ 4 ወር ሆኖታል። በዚህ ሳምንት ሪፈር አጽፊና ሂጂ።

ጣቶቹ መንቀሳቀሳቸው ደስ የሚል ምልክት ነው። ወደ መዳፍ የሚወርዱት ነርቮች ተርፈዋል ማለት ነው። የተጎዱት ከአንገቱ ከሚነሡት የክንድ ነርቮች የላይኞቹ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ‹ኧርብስ ፖልሲ› የተባለው ይኸው ነው።

የአማትሽ ቅቤ አይጎዳውም። እጁን መጎተት ግን ይጎዳዋል። በብብቱ ይዘሽ አታንሺው፤ አንድ እጅሽን ከጀርባው፣ አንዱን ከመቀመጫው ስር አድርጊ። ስታለብሺው የታመመውን እጅ መጀመሪያ አስገቢ፤ ስታወልቂለት መጨረሻ አውጪ። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ፊዚዮቴራፒስቱ ቀስ ብሎ እያንቀሳቀሰ ያሳይሽ፤ አንቺም ቤት ውስጥ ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር አድርጊለት።

አሁን ወደ ሚሊሜትሩ እንምጣ። ነርቭ ማለት የክር እሽግ ነው። የእያንዳንዱ ክር ባለቤት የሆነው ሕዋስ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ወይም አጠገቡ ይቀመጣል። ክሩን እስከ ጡንቻ ድረስ ይልካል። ክሩ አክሰን ይባላል። አንዳንዴ ነርቭ ሲጎተት ይለጠጥና ይደነዝዛል እንጂ አይበጠስም። እንዲህ ያለው በሳምንታት ውስጥ ይነቃል። አክሰኑ ከተበጠሰ ግን ከቁስሉ ወዲያ ያለው ቁራጭ ይፈርሳል። ይህን መጀመሪያ የጻፈው አውግስጦስ ዋለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በ1850 እ.ኤ.አ.፣ የእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ቆርጦ አይቶ።

አክሰኑ ሲፈርስ አብረውት የነበሩት ሽዋን ሕዋሳት አይሞቱም። አሮጌውን ሽፋን አፍርሰው ያጸዳሉ። ሥራቸውን ይቀይራሉ። ቀጠን ብለው ይረዝሙና ተሰልፈው ቦይ ይሠራሉ። በቦዩ ውስጥ የእድገት ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያፈሳሉ። ከላይ የሚመጣው አዲስ የክር ጫፍ ያንን እያሸተተ፣ ቦዩን ይዞ ይወርዳል። በቀን አንድ ሚሊሜትር የተባልሽው ይህ ጉዞ ነው። በወር 3 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በትልቅ ሰው ላይ ከአንገት እስከ ጣት ጫፍ 80 ሴንቲሜትር ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል። በልጅሽ ላይ መንገዱ አጭር ነው። ትንሽነቱ እዚህ ላይ በጀው።

ታዲያ ለምን አትጠብቂ አልኩሽ? ቦዩን የያዙት ሕዋሳት ለዘላለም አይጠብቁም። ክር ሳይመጣላቸው ወራት ካለፉ ይደክማሉ። ቁጥራቸው ያንሳል፤ የሚያፈሱት ፋክተርም ይቀንሳል። ጡንቻውም በበኩሉ ይከሳል። ክሩ ከላይ ጠባሳ ውስጥ ተይዞ ከሆነ፣ ቦዩ ሳይደፈን መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። ያንን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ከታየ በኋላ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጠያቂ፦ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ከጎንደር

«ሽዋን ሕዋስ ‹ደጋፊ ሕዋስ› ነው ተብለን አለፍን። እኔ ግን አልገባኝም። ጽንሱ ሲያድግ ይሄ ደጋፊ ከየት ይመጣል? ስንት ጊዜ መጠቅለል እንዳለበትስ ማን ይነግረዋል? መጽሐፉ ‹ኒውሬጉሊን› ይልና ያልፋል።»

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ። እኔ በአንተ ዕድሜ አልጠየቅኩም።

ያየሁትን ልንገርህ። ተማሪ ሳለሁ ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንድ የቆየ የእንጨት ሳጥን ነበር። ስላይዶቹ ጠርዛቸው የተሸራረፈ፣ ጽሑፋቸው በቀለም ብዕር። ከነሱ አንዱ በኦስሚየም የተቀለመ የሳያቲክ ነርቭ (ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭ) ነበር፣ በአግድሙ የተቆረጠ። ኦስሚየም ቅባትን ያጠቁራል። በማይክሮስኮፑ ስታየው መቶዎች ጥቁር ቀለበቶች ተደርድረው ይታያሉ። የቀለበቱ መሐል ባዶ መስሎ የሚታየው አክሰኑ ነው። ጥቁሩ ማይሊን ነው፤ ሽዋን ሕዋስ ራሱን አክሰኑ ላይ ደጋግሞ ጠቅልሎ የሠራው የቅባት ሽፋን።

ቀለበቶቹ እኩል አልነበሩም። መሐላቸው ሰፊ የሆኑት ወፍራም ጥቁር ነበራቸው። መሐላቸው ጠባብ የሆኑት ቀጭን። እያንዳንዱ ቀለበት በልኩ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። ሥዕሉን ደብተሬ ላይ አሳምሬ ሣልኩ፣ ማርኬን አገኘሁ፣ ወጣሁ። «ልኩን ማን ለካው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅም መልሱ ያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። የመጣው እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሽዋን ሕዋስ ነርቩ ላይ አይበቅልም፤ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ጽንሱ ገና ቱቦ የመሰለ ኅብለ ሰረሰር ሲኖረው፣ ከቱቦው አናት ጠርዝ ላይ ኒውራል ክረስት የሚባሉ ሕዋሳት ይነሣሉ። ገሚሶቹ የቆዳ ቀለም ይሠራሉ፤ ገሚሶቹ የፊት አጥንት። ሌሎቹ ገና እያደጉ ያሉትን አክሰኖች ተከትለው ይወጣሉ። እነዚህ የሽዋን ቀዳሚዎች ናቸው። አይጥ ማኅፀን ውስጥ የምትቆየው ሃያ ቀን ገደማ ነው። ቀዳሚዎቹ የሚታዩት በ12ኛውና በ13ኛው ቀን አካባቢ ነው።

ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ክሪስትያን ጄሰንና ሮና ሚርስኪ እነዚህን ቀዳሚዎች ከነርቩ ለይተው ሳህን ላይ አኖሯቸው። በአንድ ቀን ገደማ አብዛኞቹ ሞቱ። የሚበሉት አጥተው አይደለም፤ ምግቡ ሳህኑ ውስጥ ነበር። የሞቱት አክሰኑ ስለራቃቸው ነው። ኒውሬጉሊን የተባለውን ፕሮቲን ሲጨምሩላቸው ግን ተረፉ። አክሰኑ ቆዳው ላይ፣ ማለትም የውጭ ገጹ ላይ፣ ይዞት የሚሄደው ምልክት እሱ ነበር። አክሰን የነካ ይኖራል፤ ያልነካ ይሞታል። እንግዲህ ነርቩ ያለ ቦታው የባዘነ ሽዋን እንዳይኖር የሚጠብቀው እንዲህ ነው።

የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ሦስት አራት ቀን ቆይተው ከአይጧ ጽንስ ያንኑ ሕዋስ ቢወስዱ፣ አሁን ብቻውን መኖር ይችላል። ራሱ ለራሱና ለጎረቤቱ የሚያፈሳቸው የእድገት ፋክተሮች አሉት፤ እንደ ኢንሱሊን ያለ አንድ፣ ኒውሮትሮፊን-3 የሚባል ሌላ፣ ሌሎችም። ስንቁን ራሱ መቋጠር ጀመረ ማለት ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ከላይ ለእናትየዋ የነገርኳት ቦይ አይኖርም ነበር። አክሰኑ በተበጠሰ ማግስት ሽዋኖቹም አብረው ያልቁ ነበር።

አሁን ነርቩና ሽዋኑ ወደሚነጋገሩበት አፍና ጆሮ እንግባ። ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ስታንሊ ኮኸን የተባለ ባዮኬሚስት ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ አዲስ ለተወለዱ አይጦች ይወጋ ነበር። የአይጥ ግልገል ዓይን የሚገለጠው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የተወጉት ግን በሳምንታቸው ገለጡ። ሌላ ሰው ቢሆን «ቶሎ አደጉ» ብሎ ያልፈው ነበር። ኮኸን አላለፈውም። ፈሳሹ ውስጥ የቆዳን ሕዋስ የሚያሳድግ ፕሮቲን አገኘ፤ ኢጂኤፍ። እዚያው አብራው ትሠራ የነበረችው ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ደግሞ ነርቭን የሚያሳድገውን ፕሮቲን አግኝታ ነበር፤ ኤንጂኤፍ። በ1986 እ.ኤ.አ. ኖቤል አብረው ተሸለሙ። እሷ በ1938ቱ የጣሊያን የዘር ሕግ አይሁዳዊ ስለሆነች ከዩኒቨርሲቲ ሥራ ተባርራ፣ ቱሪን ውስጥ መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አድርጋ፣ በተሳለ የልብስ መርፌ የዶሮ ጽንስ እየቆረጠች ነው የጀመረችው። ክፍል ውስጥ መሣሪያ የለንም ብለው ለሚያዝኑ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እሷን እነግራቸዋለሁ።

ኢጂኤፍን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ኒውሬጉሊን ከአካሉ አንዱ ክፍል ኢጂኤፍን ይመስላል። የሚሰሟቸው ተቀባዮችም (ሕዋሱ ገጽ ላይ ሆነው ምልክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች) ዘመዳሞች ናቸው፤ ኧርብ-ቢ የሚባል አንድ ቤተሰብ። (ስሙ እንዳያደናግርህ፦ ከላይ ሕፃኑ ወረቀት ላይ ያለው «ኧርብ» ዊልሄልም ኧርብ የተባለ የጀርመን ሐኪም ስም ነው። ይህኛው ኧርብ ግን ስሙን ያገኘው ከአንድ የዶሮ የደም ካንሰር ቫይረስ ነው። ፊደሉ ገጠመ እንጂ አይዛመዱም።) ሽዋን ሕዋስ ላይ ሁለቱ አሉ። ኧርብ-ቢ 3 ኒውሬጉሊንን ይይዛል፤ ነገር ግን ራሱ ወደ ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው። ኧርብ-ቢ 2 ኒውሬጉሊንን መያዝ አይችልም፤ ማስተላለፍ ግን ይችላል። አንዱ ጆሮ ነው፣ አንዱ አንደበት። ለየብቻቸው ዋጋ የላቸውም። ሲገጥሙ ነው መልእክቱ ወደ ሕዋሱ ልብ የሚደርሰው፤ ኑር፣ ተባዛ፣ ተጓዝ፣ ጠቅልል የሚለው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ኧርብ-ቢ 3 የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። ነርቮቻቸው ላይ የሽዋን ቀዳሚ ጠፋ። አክሰኖቹ መጀመሪያ እንደ ወጉ አደጉ፤ እስከ ዳር ዳር ደረሱ። ትንሽ ቆይቶ፣ አይጦቹ ገና ሳይወለዱ፣ እንቅስቃሴ የሚያዙትም ስሜት የሚያመጡትም የነርቭ ሕዋሳት በብዛት ሞቱ። ልብ አድርግ፦ የጂኑ መጉደል በዋናነት የሚጎዳው ሽዋኑን ነው፤ የሞተው ግን ነርቩም ጭምር ነው። ነርቩ በኒውሬጉሊን ሽዋኑን ያኖራል። ሽዋኑ ደግሞ ነርቩን ያኖራል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ደጋፊ? እኔ «ደጋፊ» የሚለውን ቃል ፈተና ላይ ካልሆነ አልወደውም። ምሰሶን የሚያስታውስ ቃል ነው። ይህ ግን የምሰሶ ሥራ አይደለም፤ የሁለት ሰዎች ጭውውት ነው።

እንግዲህ ልኩ። በ2004 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ጎቲንገን ከተማ በማክስ ፕላንክ ተቋም የክላውስ-አርሚን ናቨ ቡድንና ተባባሪዎቹ እንዲህ አደረጉ። አንዳንድ አይጦች ከሁለቱ የኒውሬጉሊን ጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ እንዲኖራቸው ሆነ። ማይሊናቸው ቀጠነ። ሌሎቹ የነርቭ ሕዋሶቻቸው ውስጥ ብዙ ኒውሬጉሊን እንዲመረት ተደረገ፤ አክሰኑ ቆዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ዓይነት። ማይሊናቸው ወፈረ። አክሰኖቹ ስፋታቸው ያው ነው። የተለወጠው የምልክቱ ብዛት ብቻ ነው። ወፍራም አክሰን ቆዳው ሰፊ ስለሆነ በአጠቃላይ ብዙ ኒውሬጉሊን ይይዛል። ሽዋኑ የሚለካው አክሰኑን በሜትር አይደለም፤ የሚሰማውን የምልክት መጠን ነው። ያን የተማሪነቴን ጥቁር ቀለበት መልሼ ያየሁት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ስላይዱ ያው ነበር። እኔ ግን ረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ክፍል ውስጥ እንዲህ አሳያለሁ፤ አንተም ዶርም ውስጥ ሞክረው። አንድ እስክሪብቶ ውሰድ። ፌስታል በቁመቱ እንደ መቀነት ቁረጥና እስክሪብቶው ላይ አጥብቀህ ጠቅልል። እስክሪብቶው 7 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ከነጥቅልሉ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ አቁም። ጤነኛ ነርቭ ላይ የአክሰኑ ስፋት ለጠቅላላው ሲካፈል ከ0.6 እስከ 0.7 ገደማ ነው። አሁን የክብሪት እንጨት ወስደህ በዚያው ልክ ጠቅልል። ትንሽ ዙር ይበቃዋል። እጅህ ነገሩን ከጭንቅላትህ ቀድሞ ይረዳዋል።

ከአንድ ማይክሮሜትር የቀጠኑት አክሰኖችስ? እነሱ የያዙት ኒውሬጉሊን ትንሽ ነው። ሽዋኑ አይጠቀልላቸውም። ብዙዎቹን ባንድ ላይ በጎድጓዳ እጥፋቱ ይዞ ይኖራል፤ ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ስር እንደምትይዝ። በ2005 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የጄምስ ሳልዘር ቡድን ማይሊን የማያውቁ የአክሰን ዓይነቶች ላይ ያንን ኒውሬጉሊን ሲያበዛ፣ ሽዋኖቹ መጠቅለል ጀመሩ። ያልተጠቀለለ አክሰን መልእክቱን በሰከንድ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ያደርሳል። ወፍራምና በደንብ የተጠቀለለው በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። እግርህን እሾህ ሲወጋህ መጀመሪያ ሹል ሕመም፣ ቆይቶ ደግሞ የሚጠዘጥዝ ሕመም የሚመጣው ለዚህ ነው።

ኒውሬጉሊን ብቻውን ሁሉን ያደርጋል እንዳትል። ሽዋኑ ከውጭ ላሚኒን የሚባል ምንጣፍ ያስፈልገዋል፤ ከውስጥ ክሮክስ-20 የሚባል የጂን መቆጣጠሪያ። የላሚኒኑ ነገር አሁን ይመጣል።

ጠያቂ፦ ከአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ

«አያቴ የሥጋ ደዌ ታማሚ ነበሩ። ከወሎ በእግር መጥተው እዚሁ ታክመው፣ እዚሁ ወልደው ኖሩ። ጣቶቻቸው ያለቁት በሽታው በልቷቸው ነው ይባላል። እውነት ነው? ለእኔና ለልጆቼስ ይወርዳል?»

በዘር አይወርድም። ይህን ያለ ምንም ማመንታት ልንገርዎት። በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. አየው። ሕክምና ሳያገኝ ከቆየ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርበው ሲኖሩ ይተላለፋል። መድኃኒት ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መተላለፉ ይቆማል። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ የሚወሰደውም እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ነው።

ጣትን ባክቴሪያው አይበላም። የአያትዎን ጣቶች የጨረሰው ሕመም አለመሰማት ነው። የጋለ ብረት ምጣድ ሲይዙ ያልተሰማቸው፣ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ያልቆረቆራቸው ሰው ቁስላቸው ይደራረባል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አጥንቱ ያልቃል።

ስሜቱን የሚወስደው ደግሞ እላይ ለተማሪው የጻፍኩለት ሕዋስ በኩል ነው። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ለቆዳ ቅርብ የሆኑ ነርቮችን ይመርጣል። ክርንዎ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝርዎት ነርቭ አንዱ ነው። እዚያ ሽዋን ሕዋስን የሚለብሰው ላሚኒን ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ውስጥ ይገባል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታወቀው ነገር እኔን እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል፦ ባክቴሪያው ኧርብ-ቢ 2ን ራሱ በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል። አክሰኑ ሳይናገር፣ ኒውሬጉሊን ሳይኖር፣ ሐሰተኛ ጥሪ ይልካል። ሽዋኑ ጥሪውን ሰምቶ ሽፋኑን ያፈርሳል። ጽንስ ውስጥ ነርቭ የተገነባበት ያው ምልክት ነው እዚህ ነርቭ የሚፈርስበት።

እርስዎ ሰፈር ያለው አለርት ሆስፒታል በዚህ ስሙ የተመሠረተው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ከአምስት ዓመት በኋላ ተጨመረ። ሰፈርዎን ሰዎች በመጥፎ ስም ሲጠሩት ሰምተው ይሆናል። ታማሚን በዚያ የስድብ ቃል መጥራት ነውር ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ማንም እንዲለው አልፈቅድም። የአያትዎ ሰፈር ዓለም ስለዚህ ነርቭ የተማረበት ሰፈር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከታተሉ። እርስዎም ሆኑ ልጆችዎ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ሂዱና ታዩ። በጥጥ ነካ አድርገው ዓይን አስጨፍነው ይሞክሩት። ነርቩ ሳይጎዳ ከተያዘ ጣት አይጎድልም።

ጠያቂ፦ ከሪያድ

«ስኳር አለብኝ። እግሬ ስር ይደነዝዘኛል፤ ማታ ማታ ይለበልበኛል። እዚህ አበሾች በቴሌግራም ‹ነርቭ የሚያሳድግ ኤንጂኤፍ› የሚል እንክብል በ180 ሪያል ይሸጣሉ። ልግዛ?»

አይግዙ፣ ወንድሜ። ኤንጂኤፍ ፕሮቲን ነው። ሲውጡት ሆድዎ እንደ ሽሮ ይፈጨዋል። እግርዎ ስር አይደርስም።

በመርፌስ? ተሞክሯል። ከ1,000 በላይ የስኳር ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጣ። ድንዛዜውን አልመለሰም። የተወጉበት ቦታ ግን አመማቸው፤ ምክንያቱም ኤንጂኤፍ ሕመም የሚያመጡ ክሮችንም ያነቃል። የተሳካለት በሌላ ቦታ ነው፤ ነርቩ ለተጎዳ የዓይን የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ጠብታ ሆኖ አሜሪካ ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው መጠን።

መጠን የምለው ለወግ አይደለም። ያ ለተማሪው የነገርኩት ኧርብ-ቢ 2 ሌላ ስሙ ኸር-2 ነው። የጡት ካንሰር ያለባት እህት ወይም ዘመድ ካለችዎት ይህን ስም የምርመራ ወረቀቷ ላይ አይተውት ይሆናል። ሽዋን ሕዋስን የሚያኖረው ተቀባይ ጡት ውስጥ ሲበዛ ዕጢ ያሳድጋል። «እድገት» የሚል ቃል ያለበትን ነገር ሁሉ የምንውጠው አይደለም።

180 ሪያሉን ለዚህ ያውሉት። የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ እየወሰዱ ከሆነ ቫይታሚን ቢ-12ም አብሮ ይለካ፤ መድኃኒቱ ሊያሳንሰው ይችላል፣ ማነሱም ራሱ እግርን ያደነዝዛል። ለማታው መለብለብ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የሚታጠቡበትን ውኃ ሙቀት በክርንዎ ይፈትኑ እንጂ በእግርዎ አይሞክሩ። ሌሊት ከመተኛትዎ በፊት መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው የእግርዎን ስር ይዩ። ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉ።